የመሪ ዘይት የሚጠጣው ካምቢዮ

«አውጥቶ መጣል ነው» አለ መካኒኩ፣ እጁን በናፍጣ እየታጠበ። ወንድሜም «እኔም የምለው እሱኑ ነው» አለ። አጠገባችን የቆሙ ሁለት ሾፌሮች፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ልክ ነው ልክ ነው አሉ። የሚጣለው የመኪናዬ ካምቢዮ ነው። አውቶማቲክ ስለሆነ ለዚህ አገር ዳገት አይሆንም ተባለ፤ በሱ ፋንታ ፍሪሲዮን ያለው፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር፣ አንደኛው ሾፌር እንዳለው «የወንድ ካምቢዮ» ይገባል። እኔ ጋራዡ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የአራቱንም ፊት በየተራ አየሁ። አንዳቸውም ወደ ግራ እግሬ አላዩም። ወላሂ፣ አጠገቤ የነበረውን መፍቻ አንስቼ ያልወረወርኩበትን ትዕግስት ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ግራ እግሬን ገና ድክ ድክ ስል የልጅነት ልምሻ መታው። ከዱላዬ ጋር ሆኖ ያቆመኛል፣ ያራምደኛል፤ አንድን ነገር አጥብቆ መርገጥ ግን አይችልም። ፍሪሲዮን ደግሞ የሚረገጠው በግራ እግር ነው። አውቶማቲክ መኪና ያለው ሁለት መርገጫ ብቻ ነው፣ ነዳጅና ፍሬን፤ ሁለቱም የቀኝ እግር ሥራ ናቸው። እንግዲህ ያን ቀን ጋራዡ በር ላይ የተፈረደው በካምቢዮው ብቻ አልነበረም። ካምቢዮው ሲቀየር መኪናው መነዳቱ አይቀርም፤ የማልነዳው እኔ ነኝ።

ስለ እግሬ ከዚህ በላይ አልልም፤ ሌላው ሰው በቂ ብሎበታል። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ሱቅ አለኝ፤ ግን ሱቅ ቁጭ ብዬ ገዢ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። ሽርጡንም ሻሹንም ብትን ጨርቁንም ጭኜ፣ የገበያ ቀን ተከትዬ አቀስታ፣ አጅባር፣ ወደ አባይ ቁልቁል ያሉት ትናንሽ ገበያዎች ድረስ እሄዳለሁ። መኪናው ከመምጣቱ በፊት የምሄደው በሚኒባስ፣ ሚኒባስ ከሌለም በጭነት መኪና ላይ ነበር። ጭነት መኪና ላይ ደግሞ መውጣት አለ፣ መውረድ አለ። «ያዟት፣ ከታች ደግፏት፣ እግሯን፣ እግሯን» ይባላል፤ ከዚያ የማላውቃቸው እጆች ከታች ይገፉኛል፣ የማላውቃቸው እጆች ከላይ ይስቡኛል። ክፉዎች አልነበሩም። አላህ ይስጣቸው፣ ለአጅር ብለው ነው፣ ክርስቲያኖቹም ለጽድቅ። ግን ዕድሜ ልክ የሰው ጽድቅ መሆን ይሰለቻል። አንዳንድ ቀን ገበያ ደርሼ ዕቃዬን ሳልዘረጋ ቀኑን ሙሉ የሠራሁ ያህል ይደክመኝ ነበር።

መኪናውን ያገኘልኝ ይኸው ወንድሜ ነው። ታላቄ ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌር፤ ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ያለውን መንገድ ጉድጓዱን አንድ በአንድ ያውቀዋል። አንድ ቀን ከደሴ ደወለና ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ያረጀ የጃፓን የመስክ መኪና ለሽያጭ ቀርቧል፣ አውቶማቲክ ስለሆነ ሁሉም ይሸሸዋል አለኝ። ሁሉም የሚሸሸውን ለኔ ለምን ትነግረኛለህ አልኩት። «ግራ እግር አይፈልግም» አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ደንበኛ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሻሽ እያገላበጠ ነበር፣ እሱም ደነገጠ። እንግዲህ ያቺን ቃል ያለኝ ሰው ነው ያን ቀን ጋራዥ ቆሞ አውጥቶ መጣል ነው የሚለው። ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

መንዳት የተማርኩት ደሴ ነው። መንጃ ፈቃዴም አውቶማቲክ ብቻ ይላል። ለብቻዬ የነዳሁ ቀን አቀስታ ገበያ ደረስኩና፣ በሩን ከፍቼ፣ ዱላዬን አስቀድሜ፣ ራሴ ወረድኩ። ማንም አልነካኝም። የማውቃት አንዲት ቅቤ ሻጭ መጣችና ሾፌሩስ የት ሄደ አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። አንቺ ብላ መኪናውን ዞራ አየችው፣ ከኋላ የተደበቀ ሰው የምታገኝ መስሏት። የዚያን ዕለት ምን እንደ ሸጥኩ አላስታውስም፤ የሷን ፊት ግን እስክሞት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ እሷም አብረውኝ ከሚሳፈሩት አንዷ ሆነች፣ ቅቤዋ ጨርቄን እንዳይነካ በየጊዜው እንጨቃጨቃለን።

ወንድሜ በበኩሉ ከመኪናው ጋር አልተግባባም። ከኔ ተውሶ ሲነዳ ያ ግራ እግሩ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ፍሪሲዮን ፍለጋ ይሄድና ፍሬኑን በሙሉ ጉልበቱ ይረግጠዋል። የተሳፈርነው ሁሉ ወደ ፊት እንወረወራለን። ሁለት ደህና እግር ይዘህ እንዲህ ከሆንክ እኔ በአንዱ የምነዳው ላስተምርህ እለዋለሁ፣ ይስቃል። ሌላው አመሉ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግ ነው። ፎሌ ማለት ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን አላቆ መኪናውን በራሱ ክብደት እንዲንደረደር መልቀቅ ነው፤ የኛ አገር ሾፌር ቁልቁለት ሲያይ እጁ ሳያዘው ወደ ፎሌ ይሄዳል። እኔንም እንደዚያ ንጂ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከርሟል። እኔ ግን ፈሪ ነኝ፤ መኪናው እኔን ይዞኝ ሲሄድ ሳይሆን እኔ ይዤው ስሄድ ነው ደስ የሚለኝ።

ችግሩ የጀመረው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። መኪናው ባቆምኩበት ሁሉ መሬት ላይ ቀይ ጠብታ ማየት ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ቁራጭ ነጭ አቡጀዲ ከሥሩ አነጠፍኩና አየሁት፤ እኔ የቀለም ሰው ነኝ፣ ቀይ ስል ለሙሽራ የሚገዛው ዓይነት ደማቅ ቀይ ማለቴ ነው። መካኒኩን ጠራሁት። ከተማው «ዲያቆኑ» ነው የሚለው፣ በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ያገለግል ስለነበረ፤ ኋላ ነው መፍቻ የያዘው። ጎበዝ ነው። የጭነት መኪና እሱ እጅ ላይ አይሞትም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን በከተማችን ከጥቂት መኪና በቀር የለም፣ እሱም አንዱንም ከፍቶ አያውቅም። ጠብታውን በጣቱ ነካ፣ አሸተተና ቀይ ከሆነ የመሪ ዘይት ነው እትዬ፣ የሚያፈሰው ከመሪው ነው አለኝ። በኛ ሱቆች ቀዩ ዘይት ስሙ የመሪ ዘይት ነው፤ መሪ የሚያቀለው እሱ ስለሆነ። ዲያቆኑም የመሪውን ቱቦ አጠባብቆልኝ ሄደ። ጠብታው ግን አልቆመም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአባይ በኩል ካለ ገበያ ለብቻዬ ስመለስ፣ መኪናው ዳገቱ መሃል እምቢ አለኝ። ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይሰማውም። ትንሽ ሳብ ያደርገኝና ይቆማል። በመጨረሻ ወደ ኋላ ሸርተት አለ። ፍሬኑን ረግጬ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ያ አላህ አልኩ። ከኋላዬ መንገዱ ይጠመዘዛል፤ መጠምዘዣውን ያልያዘ መኪና የሚሄደው ገደሉን ነው። ደግነቱ ከብት ከገበያ የሚመልሱ ሰዎች ደረሱልኝ። ሳልነግራቸው ገብቷቸው ከየጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉልኝ፣ ከዚያም ወንድሜ እስኪመጣ ከብቶቻቸውን ይዘው አጠገቤ ቆዩ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። በየሶላቴ ግን ዱዓ አደርግላቸዋለሁ።

ወንድሜ ጭነቱን ጥሎ ነው የመጣው። ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፣ ድንጋዮቹን ነው። ጎንበስ ብሎ አንዱን በእጁ ገፋ አደረገውና ቀና አለ። መኪናዬን በጭነት መኪናው ከዳገቱ አውጥቶ እስከ ከተማ ድረስ ጎተተው።

ጋራዥ ስንደርስ ዲያቆኑ ኮፈኑን ከፈተና የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘ። ደረቅ ነው። የካምቢዮ ዘይት አልቋል፣ የካምቢዮ ዘይት ይገዛ አለ። ወንድሜ ሱቅ ሄዶ የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ አለ። ባለሱቁም የካምቢዮ ዘይት አነሣና ሰጠው። ሦስቱም ትክክለኛውን ቃል ነው የተናገሩት። በኛ ከተማ የካምቢዮ ዘይት ሲባል ግን ለጭነት መኪና ካምቢዮ የሚሆነው ወፍራሙ ነው፣ ሲያንቆረቁሩት እንደ ማር የሚሳበው። በቀጭኗ የመለኪያ ዘንግ ቱቦ አልወርድ አለ። ዲያቆኑ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ አሞቀውና፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጠብ ጠብ እያደረገ ጨመረው። ምሳውን እንኳ ሳይበላ ነው የዋለው። እኔም ትዕግስቱን አይቼ ጌታ ይባርክህ ብዬ መርቄዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

መኪናው ጭራሽ ባሰበት። ጠዋት፣ ያ የመካነ ሰላም ብርድ ባለበት ሰዓት፣ ማርሽ አስገብቼለት ንቅንቅ አይልም። ሲሞቅ ደግሞ ከኋላ የገጨኝ ሰው ያለ እስኪመስለኝ ዱብ ያደርገኛል። ከቤቴ እስከ ጋራዥ በመከራ ደረስኩ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ አውጥቶ መጣል ነው የተባለው።

ለካ ወንድሜ ነገሩን ጨርሶት ኖሯል። ደሴ የዚሁ መኪና ዓይነት ማንዋል ካምቢዮ ከነፍሪሲዮኑ አግኝቶ ገዝቶ፣ ጭኖ አምጥቶ ግቢው ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖ አስቀምጦታል። ሾፌር እንቀጥራለን አለኝ፤ አንቺ ከጎን ተቀምጠሽ እንደ እመቤት ትሄጃለሽ። እመቤት መሆኔን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ደሜ ፈላ።

«ካምቢዮው ሲወጣ እኔም አብሬው ነው የምወጣው» አልኩት። «የሚጣልበትን ቦታ ለሁለታችንም አዘጋጅ።»

ሁለቱ ሾፌሮች ድንገት ሥራ እንዳላቸው ትዝ አላቸውና ሄዱ። ወንድሜ ግን አልተቆጣኝም። ወደ በርጩማዬ ቀረበና፣

«እህት ዓለም፣ ድንጋዮቹን አይቻቸዋለሁ እኮ» አለኝ። «አንደኛው ልቅ ነበር። በጣቴ ስነካው ነው የተንቀሳቀሰው።»

ይሄን አልነገረኝም ነበር። እግሬን ረስቶት አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ ዳገት ጀምሮ እኔን በሕይወት ከማኖር በቀር ሌላ ነገር አልታይ ብሎት ነው። ቁጣዬ እንዳለ ነበር፣ ግን የምቆጣው ሰው አጣሁ።

ሲከፋኝ ቁጭ ማለት አልችልም። ዱላዬን ይዤ ተነሥቼ ወደ መኪናው ሄድኩ። ኮፈኑ ክፍት ነው። የመሪ ዘይት የሚቀመጥባትን ትንሿን ጎድጓዳ ዕቃ ክዳኗን ከፈትኩና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጢም ብላለች። ዲያቆኑን ጠራሁትና መቼ ነው የሞላሃት አልኩት። ሞልቻት አላውቅም እትዬ፣ ጎድላም አታውቅ አለኝ።

«ታዲያ ክረምት ከወጣ ጀምሮ የፈሰሰው ቀይ ሁሉ ከየት መጣ?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር አየ። ቁራጭ አቡጀዲ አስመጣሁ። ከመኪናው ሥር አንጥፈን ጠበቅን። ጠብታው ጥቁር ቡኒ ነው፣ ወፍራም፤ ጨርቁ ላይ ሲሰፋ ግን ጠርዙ ቀላ አለ። ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ሁለት ቀለም ሲደባለቅ ያውቃል። የወደቀበት ቦታ ደግሞ ከመሪው ሥር አይደለም፣ ልክ ከካምቢዮው ሥር ነው። ይሄ ፍጡር ሲደማ የከረመው ቀይ ነው፣ እናንተ ደግሞ ጥቁር አጠጣችሁት አልኳቸው። ወንድሜ ጨርቁን ተቀበለኝና ወደ ብርሃን አዙሮ አየው።

ዲያቆኑ ደሴ አንድ የሚያውቀው ሰው ነበረው፣ ሥራው አውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ የሆነ። ከዚያ በፊት ያልደወለለት ሰውዬው ምላሱ ስለታም ስለሆነ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሳቀብህ ደሴ ሙሉ ይሰማል አለኝ። አሁን ደወለለት፣ ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከር ላይ አደረገው። ምን ጨመርክበት አለ ሰውዬው። የካምቢዮ ዘይት አለ ዲያቆኑ። ከዚያ በኩል ሳቅ መጣ፣ ረጅም ሳቅ፣ መሃሉ ላይ ሳል ያለበት። ሲበቃው ምን ያህል እንደ ነዳነው ጠየቀ። ከጋራዥ ቤት፣ ከቤት ጋራዥ ብቻ ስንለው ድምፁ ተለወጠ።

«ተርፋችኋል» አለ። «እሱ የሚጠጣው እናንተ የመሪ ዘይት የምትሉትን ነው። ካምቢዮው አይደለም የተበላሸው፣ ስሙ ነው ያሳሳታችሁ።»

ዲያቆኑን የማመሰግነው ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በባለሱቁ ያሳብብ ነበር፣ ወይ በመኪናው እርጅና። እሱ ስልኩን ኪሱ ከተተና እኔ ነኝ ያጠጣሁት፣ እኔው አስወጣዋለሁ እትዬ አለ። ጃኬቱን አውልቆ ከመኪናው ሥር ገባ።

ከካምቢዮው ሥር ያለውን የዘይት ሰሃን ፈታ፣ ጥቁሩን ሁሉ አፈሰሰ፣ ውስጥ ያለችውን ማጣሪያ በቤንዚን አጠባት። ለካ የሚያፈሰው በዚያው ሰሃን ዙሪያ ነው፤ ማሸጊያው ጋስኬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እንደሱ ያለ ጋስኬት መካነ ሰላም የለም። የደሴው ሰውዬ የጋስኬት ወረቀት ጠቅልሎ በሚኒባስ ላከልን። ዲያቆኑ ወረቀቱን ሰሃኑ ላይ አድርጎ ጠርዙን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ሊቆርጠው ሲሞክር አንዱ ጥግ ተቀደደ። እኔ ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም። ወረቀት በመዶሻ ሲቆረጥ ማየት ለጨርቅ ነጋዴ ስቃይ ነው። ተው፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው ብዬ ሰሃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፣ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ዙሪያውን ሣልኩና በመቀሴ ቆረጥኩት። የብሎኖቹን ቀዳዳ እሱ በሳ። ሲገጥመው ልክ ሆነ። እስከ ዛሬ ድረስ አንዲት ጠብታ አልወጣችበትም፤ ጉራ አይሁንብኝ እንጂ ጉራ ነው።

ከዚያ ዘይቱ መጣ። ጥቁሩ ከየስርቻው ታጥቦ እስኪወጣ በቀዩ መሙላት፣ ሞተሩን ማስነሣት፣ ማርሹን ከአንዱ ወደ አንዱ ማመላለስ፣ አፍስሶ እንደገና መሙላት ነው ተባልን። በከተማው ያለውን የመሪ ዘይት በሙሉ ከየሱቁ ገዛን። አንዱ ባለሱቅ፣ እትዬ፣ ስንት መሪ ነው ያለዎት አለኝ። በየማፍሰሱ አቡጀዲ እያስነካሁ እኔ ነኝ የምፈርደው። መጀመሪያ የወጣው ጭቃ ነው። ቀጥሎ የሻይ ቀለም መጣ፣ ቀጥሎ የሂና። ዲያቆኑ ይበቃል ይላል፣ እኔ ገና ነው እላለሁ፤ ለሙሽራ የማልሸጠውን ቀይ ለመኪናዬ አልቀበልም። በመጨረሻ ጨርቁ ላይ ያ የማውቀው ቀይ ቁልጭ አለ። አልሃምዱሊላህ አልኩ፣ እሱም ተመስገን አለ።

የደሴው ሰውዬ አንድ ሌላ ነገር ተናግሮ ነበር። በናንተ ዳገት የካምቢዮው ዘይት በጣም ስለሚሞቅ፣ ለሱ ብቻ የምትሆን ትንሽ ራዲያተር ከፊት ቢጨመር ካምቢዮው ዕድሜ ያገኛል ብሏል። እኛ ይሄን ሰምተን የት ይገኛል ብለን ትተነው ነበር። ወንድሜ በዚህ ሁሉ መሃል ለሥራው ይመላለሳል፣ ጋራዥ ብቅ ይልና ይሄዳል። አንድ ቀን ከደሴ ሲመለስ ከሾፌር ወንበሩ አጠገብ በጋቢው ጠቅልሎ ያስቀመጠውን ነገር ይዞ ወረደ። ከተሰባበረ መኪና የወጣች ራዲያተር ናት፣ አፍንጫዎቿን በጨርቅ ደፍኖ፣ አቧራ እንዳይገባባት። ለዲያቆኑ ሰጠውና ይቺን ከፊት ግጠምላት አለው። እኔ ጋቢውን አራግፌ አጣጥፌ መለስኩለት። ዲያቆኑ ከአሮጌ አልጋ ብረት ማሰሪያ ሠርቶ ከፍርግርጉ ጀርባ ገጠማት።

መኪናው የሚሞከረው እዚያው ዳገት ላይ ነው አልኩ። ወንድሜ ሌላ ቦታ ይሞከር ብሎ ትንሽ ተከራከረ፣ ከዚያ ተወው። በሄድንበት ቀን ዲያቆኑ ከጎኔ ተቀመጠ። ወንድሜ ከኋላ ተሳፍሮ ነበር፣ መጠምዘዣው ጋ ስንደርስ ልውረድ አለና ወረደ። እኔና ዲያቆኑ እስከ ታች ሄደን መኪናውን አዞርነው። እሱ አማተበ፣ እኔ ቢስሚላህ አልኩና ነዳጁን ረገጥኩ። መኪናው ያዘ። ሞተሩ ሳይጮህ፣ ጎማው ሳይሸራተት፣ እየጎተተ ወጣ። መጠምዘዣው ጋ ስደርስ ወንድሜን አየሁት። ከገደሉ በኩል ቆሟል፣ በሁለት እጁ ትልቅ ድንጋይ ታቅፎ፣ ደረቱ ላይ አስደግፎ። መኪናው ቢሸራተት ከጎማው ሥር ሊያደርገው ነው። በመስኮት በኩል ተያየን። አልፌው ስወጣ በመስተዋቱ አየዋለሁ፤ ድንጋዩን እንደታቀፈ ከኋላዬ እየተራመደ ነው፣ ፈጠን ፈጠን እያለ። ዳገቱ አናት ወጥቼ ስቆም ነው ድንጋዩን የጣለው። እዚያው መንገዱ ዳር ተቀመጠና በሽርጡ ጫፍ ፊቱን ጠረገ።

አሁን መኪናው ጤነኛ ነው። ረመዳን ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ ዘይቱን እንቀይራለን፤ እኔ ጨርቁን ይዤ እፈርዳለሁ፣ ዲያቆኑ ያፈሳል። ዘይቱ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ እንደሆነ አውቀናል። ፎሌ የሚባል ነገር በኔ መኪና ውስጥ አይነሣም፤ ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ነው። ዲያቆኑ ጋ አሁን ከአጅባርም ከሌላም ቦታ አውቶማቲክ ይዘው የሚመጡ አሉ። ባለሱቆቹም ተምረዋል፤ የካምቢዮ ዘይት ለሚል ሰው ካምቢዮህ ቀይ የሚጠጣ ነው ጥቁር የሚጠጣ ይሉታል። ይቺ ቃል ከኔ መኪና የወጣች ናት፣ በሷ ደስ ይለኛል።

ያ የተገዛው ማንዋል ካምቢዮ ግን ወንድሜ ግቢ ተቀምጦ ቀርቶ ነበር። ሻጩ መልሶ እንደሚወስደው ነገረው፤ ግን ደሴ መድረስ አለበት። ወንድሜ በዚያ ሰሞን ጭነት አልነበረውም። እኔ እወስድሃለሁ አልኩት። ካምቢዮውን ከነፍሪሲዮኑ ከኋላ ጭነን፣ እንዳይንኳኳ ብትን ጨርቅ ወትፈንበት፣ ጠዋት ተነሣን። እስከ አቀስታ ድረስ የሾፌር ነገር ሲያዘኝ ሄደ፤ ቀኝ ያዥ፣ እዚያ ጋ ድንጋይ አለ፣ ይሄን ዙሪው። እኔም አውቃለሁ አያ፣ አውቃለሁ አያ እላለሁ። አቀስታን አልፈን ደጋው ላይ ስንወጣ ዝም አለ። ተቀይሞኝ ይሆን ብዬ ዞር ብዬ አየሁት።

ተኝቷል። ወንድሜ ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ላይ ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም። ሌሊት ሙሉ ነድቶ ያደረ ቀን እንኳ፣ ረዳቱ መሪውን ቢይዝ እሱ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ነው የሚሄደው፤ ይሄን ሚስቱም ጓደኞቹም ያውቁታል። ያን ቀን ግን ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ፣ አንገቱን ወደኔ ጥሎ፣ ያንኮራፋል። ሬዲዮውን ቀስ ብዬ አጠፋሁ። ጉድጓዱን ሁሉ እየዞርኩ ነዳሁ፣ ደሴም እስክንገባ አልቀሰቀስኩትም።